የምድር ባቡር ምድጃና የጓዳ ምድጃ

በባሌ ደጋ የምድር ባቡር ፉጨት ተሰምቶ አያውቅም። ከጎባ እስከ ሮቤ፤ ከዲንሾም እስከ አዳባ ድረስ ሐዲድ የተዘረጋበት አንድ ክንድ መሬት አይገኝም። ስለዚህ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ባሌ እናቶች ማገዶ ለመናገር ተነሥተን ነገሩን ከምድር ባቡር ብንጀምረው፤ አንዳንድ አንባብያን «ይህና ያ ምን ያገናኛቸዋል?» ይሉ ይሆናል። እኛ ግን ሁለቱን እጅግ የተቀራረቡ ሆነው ስላገኘናቸው ጥቂት እንዲታገሡን እንለምናለን። ባቡርም እንደ ቤት ምድጃ አለው፤ ምድጃውም እንደ ማናቸውም ምድጃ የሚበላውን ይጠይቃል። ባቡር ከድንጋይ ከሰል ወደ ዘይት፤ ከዘይትም ወደ ኤሌክትሪክ የተሻገረበትን ምክንያት የመረመረ ሰው፤ የጎባና የሮቤ ጓዳ ስለ ምን እስከ ዛሬ በኩበትና በእንጨት ላይ እንደ ቀረ ሳይቸገር ያስተውላል። (ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር ናቸው።)

የድንጋይ ከሰል ለአብዛኛው የአገራችን ሰው እንግዳ ነገር ቢሆንም ቅሉ፤ የባሕር በራችንን ዕድል ከወሰኑት ነገሮች አንዱ እርሱ ነው። የእንፋሎት መርከብ የሚሄደው በእሳት ስለ ሆነ በየመንገዱ ከሰል የሚጭንበት ወደብ ያሻዋል። እንግሊዞች በ1831 ዓ.ም. ዓደንን ይዘው የከሰል ማከማቻ አደረጓት። ፈረንሳዮችም በ1854 ዓ.ም. በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ያለችውን ኦቦክን በውል ወሰዱ፤ ሆኖም ብዙ ዘመን ሳይሠሩባት ቈዩ። በ1870ዎቹ ዓመታት በሩቅ ምሥራቅ ጦርነት በገጠማቸው ጊዜ ግን የጦር መርከቦቻቸው በዓደን ከሰል ስለ ተከለከሉ ወደ ኦቦክ ተመለሱ፤ ኦቦክም ለሥራ የማትመች ሆና ስለ ተገኘች በ1880 ዓ.ም. ግድም ጅቡቲን ቈረቈሩ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ሲፈቅዱ፤ ሐዲዱ የሚነሣው ከዚህችው በከሰል ምክንያት ከተቈረቈረችው ወደብ ሆነ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

አሁን የእንፋሎቱን ባቡር ምድጃ ከፍተን እንመልከት። ከሰሉ በምድጃው ውስጥ ይነዳል፤ እሳቱ በረጅሙ ጋን ውስጥ ያለውን ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱም እየተገፋ መንኰራኵሩን ያዞራል። እሳት አንዳጁ ፊቱ እየተለበለበ፤ ወገቡ እየጐበጠ፤ በአካፋ ከሰል ሲወረውር ይውላል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ በከሰሉ ውስጥ ከነበረው ኃይል ለጕተታ የሚውለው ከመቶው ዐሥር እጅ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው በጢስ መውጫውና በእንፋሎቱ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ውሃውም ሌላ ጭንቅ ነው፤ አንድ ኪሎ ከሰል ስድስት ሰባት ኪሎ ውሃ ወደ እንፋሎት እየለወጠ ይጨርሳል፤ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋና እስከ አዋሽ ያለው ቈላ ደግሞ ውሃ የሚታደልበት አገር አይደለም። ከሰሉም በመርከብ ከባሕር ማዶ መጥቶ ወደ ደጋ መውጣት ስለ ነበረበት፤ ባቡሩ ከሚጐትተው ሸክም ከፊሉ የራሱ ስንቅ ነበር። መንገደኛውም ሌሊት በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ ሦስት ቀን ይጓዝ ነበር።

ዘይትን በባቡር ምድጃ ውስጥ የማንደድ ሐሳብ የመጣው ከትርፍራፊ ነው። በሩስያ አገር በባኩ ከሚወጣው ዘይት ላምባው ተጣርቶ ከተወሰደ በኋላ ወፍራምና ጥቁር አተላ ይቀር ነበር። ቶማስ ኡርኰኸርት የተባለ መሐንዲስ በ1870ዎቹ ዓመታት ይህን አተላ በእንፋሎት እየረጨ በባቡር ምድጃ አነደደው። የእንግሊዙ ጄምስ ሆልደንም ተመሳሳይ ነገር አደረገ። እርሱ በሚሠራበት የምድር ባቡር ማኅበር ለሠረገላዎች መብራት የሚሆን ጋዝ ከዘይት ሲዘጋጅ የሚቀረው ዝቃጭ ወደ ወንዝ እየተጣለ ውሃውን ያበላሽ ስለ ነበር፤ ሆልደን ዝቃጩን ለባቡር ማገዶ አደረገው፤ በ1885 ዓ.ም. በዚህ ማገዶ የሄደችውንም ባቡር «ፔትሮሊያ» ብሎ ሰየማት። ከድፍድፍ ጠላ አወጣጥ የምታውቅ ጥሩ ባለሙያ ሴት ይህን ታሪክ ብትሰማ የምትደነቅ አይመስለንም፤ አተላ ለከብት እንደሚጠቅም ከሆልደን በፊት ታውቃለችና።

ሮዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ ግን ምድጃውንና የውሃ ጋኑን ጭራሽ አስቀረ። ዘይቱ በሞተሩ ሆድ ውስጥ በታመቀ ትኩስ አየር እየተቀጣጠለ በቀጥታ እንዲገፋ አደረገ። ይህ ሞተር በ1889 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ከተማ ተፈትኖ ከእንፋሎት ሞተር እጅግ ቈጣቢ ሆኖ ተገኘ። በ1892 ዓ.ም. በፓሪስ ታላቅ ትርኢት ከእነዚህ ሞተሮች አንዱ በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታየ፤ ዲዝል ራሱ ግን በ1906 ዓ.ም. መስከረም ወር በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ባሕር ውስጥ ገብቶ ቀረ። በባቡር ላይ የሞተሩ ጥቅም ታውቆ እንፋሎቱ እስኪሻር ድረስ ብዙ ዓመታት አለፉ፤ በታላላቆቹ የእንግሊዝ ሐዲዶች ላይ የመጨረሻው የእንፋሎት ባቡር የሄደው በ1960 ዓ.ም. ነው። የድንጋይ ከሰል የሞላባት አገር ይህን ያህል ስትዘገይ፤ ከሰሉን በመርከብ የምታስመጣው ኢትዮጵያ ቀድማ ማለፏ የሚያስገርም ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከሰል ከገዛ ደጁ የሚቈፍርና ከሰል በወርቅ የሚገዛ እኩል አይቸኵሉም።

በእኛ ሐዲድ ላይ አስቀድመው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሕዝቡ ሊቶሪና ያላቸው በናፍጣ የሚሄዱ ሠረገላዎች መጡ። በ1940ዎቹ ዓመታትም የናፍጣ ሞተር ያላቸው ጐታች ባቡሮች ገብተው የእንፋሎቶቹን ስፍራ ያዙ። አንድ ኪሎ ዘይት የአንድ ኪሎ ተኩል ከሰል ያህል ሙቀት ስለ ያዘ የባቡሩ ስንቅ ቀለለ፤ ለቈላው መንገድ ይታሰብ የነበረው የውሃ ጭንቅ ተወገደ፤ እሳት አንዳጁም አካፋውን አስቀመጠ። ያም ሐዲድ በበኩሉ አርጅቶ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል በ2000 ዓ.ም. ግድም ሥራ አቆመ። በእርሱ ፈንታ የተሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ሥራውን ያዘ። ኃይሉንም የሚቀበለው ከወንዞቻችን ነው።

በመቶ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የማገዶ ለውጥ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ስለ ምን ሆነ ብለን ብንጠይቅ፤ መልሱ የሊቃውንት ብልሃት ብቻ አይደለም። ባቡር መዝገብ ያዥ ነበረው። የገባው ከሰል በቶን ይመዘናል፤ ዋጋው በገንዘብ ይጻፋል፤ የተሄደው መንገድ በኪሎ ሜትር ይቈጠራል፤ የዓመቱ ሂሳብ ሲዘጋ ብክነቱ በቀይ ቀለም ወጥቶ በማኅበሩ ሹማምንት ፊት ይቀርባል። ብክነቱን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች መድኃኒቱን ፈለጉ።

እንግዲህ ወደ ጎባ እንውጣ። ጎባ ለብዙ ዘመን የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆና የኖረች፤ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። በላይዋ የሳነቴ አምባና 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይገኛሉ፤ በታችዋ ከ15 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት የስንዴና የገብስ አገር የሆነችው ሮቤ አለች። በዚህ ደጋ እሳት ምግብ ማብሰያ ብቻ አይደለም፤ ሕፃንና ሽማግሌ የሚሞቁበት ነው፤ እርጥብ ልብስ የሚደርቅበትም ነው። ማለዳ ከጎባ ወደ ሮቤ በሚወርደው ጐዳና ላይ ጥቂት የቆመ ሰው፤ እንጨት የተጫነች አህያና ከአህያዋ ኋላ ጭነቷ ከቁመቷ የሚበልጥ ሴት ያያል። ከኋላዋም ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤት ልትገኝ የሚገባት ልጅ የራሷን ትንሽ ሸክም ይዛ ትከተላለች። ባቡሩ ነጂ፤ እሳት አንዳጅ፤ የከሰል ሠረገላና መዝገብ ያዥ ነበረው። በባሌ ጓዳ ግን ነጂዋም እርሷ፤ እሳት አንዳጇም እርሷ፤ የጭነት ሠረገላዋም እርሷው ናት፤ መዝገብ ያዥ ብቻ የላትም።

ብክነቱም ከእንፋሎት ባቡር የሚተናነስ አይደለም። በሦስት ጉልቻ ላይ በግልጥ የሚነድ እሳት ከማገዶው ሙቀት ለምጣዱ የሚያደርሰው ከመቶው ዐሥር እጅ ያህል ነው። ከዐሥር ሸክም እንጨት ዘጠኙ ጣሪያ አጥቁሮ፤ ዓይን አስለቅሶ፤ ሳንባ አሳምሞ ይጠፋል ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ግድም በአንድ ዓመት ብቻ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ገምቷል፤ ከእነዚህም መካከል ገና አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ይገኛሉ። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከምጣዱ አጠገብ የሚውል ሕፃን የሚተነፍሰው እናቱ የምትተነፍሰውን ነው።

እንጨቱ ከወዴት ይመጣል? ከከተማው ዙሪያ ባሕር ዛፍ ይቈረጣል፤ ባሕር ዛፍም በአገራችን ስሙ በከንቱ አይነሣም፤ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ምክንያት ተትታ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሲታሰብ ከተማዪቱን ያዳናት እርሱ ነው። ከፍ ካለው ተራራ ግን ጥዱ፤ ሕዝቡ ሄቶ የሚለው ኮሶና ሳቶ የሚባለው አስታ ይወርዳል። አስታ በብርድ ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ስለ ሆነ በአንድ ማለዳ የተቈረጠውን ለመተካት ብዙ ዓመት ያስፈልጋል። ይህ ተራራ በ1962 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለ፤ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን የሚኖሩበት፤ በ2016 ዓ.ም. መግቢያም በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ ነው። ለሮቤ ገበሬ ግን ከቅርስነቱ ይልቅ የሚቀርበው ጕዳይ ወይብና ሸያን የመሳሰሉት ወንዞች የሚፈልቁበት መሆኑ ነው።

እንጨት ሲርቅ ኩበት ይቀርባል። በሮቤ ዙሪያ ባለው ሜዳ ዛፍ ጥቂት ከብት ብዙ ስለ ሆነ፤ ሴቶች እበቱን እየጠፈጠፉ በፀሐይ ያደርቁታል፤ ክረምት ሳይገባም ይከምሩታል። እዚህ ላይ እጅግ የሚያሳዝን አዙሪት እናያለን። እበቱ ለሲናና ማሳ ማዳበሪያ ሊሆን ሲገባው በምጣድ ሥር ይነዳል፤ ማሳውም ይከሳል፤ በእርሱ ፈንታ ማዳበሪያ በውጭ ገንዘብ ተገዝቶ፤ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፤ ናፍጣ በሚጠጣ መኪና በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል ሮቤ ይገባል። አንዲት እናት ኩበት አንድዳ የቈጠበችው መስሏት የነበረውን ዋጋ ባለቤቷ በመኸር ጊዜ ለማዳበሪያ ይከፍለዋል። ሁለቱ ወጪዎች በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ስለማይታዩ ግን ማንም አያስተያያቸውም።

ይህን ስንል የባሌ እናቶች ቍጠባ አያውቁም ማለታችን አይደለም። ጭኮን እንውሰድ። ገብሱ አንድ ጊዜ ተቈልቶና ተፈጭቶ በተነጠረ ቅቤ ከታሸ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ እንግዳም ሲመጣ እሳት ሳይነድ ይቀርባል። በሶም እንዲሁ ነው። ማገዶን ለመቈጠብ ከዚህ የበለጠ ምግብ ያሰበ መሐንዲስ አላየንም። ጢስም ሁሉ ጠላት አይደለም፤ የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ ሲታጠን የወተቱ ጣዕም የሚያምረውን ያህል ወተቱም ቶሎ አይበላሽም። ይህ ጢስ ተለክቶ በፈቃድ የሚገባ ነው፤ ከምጣድ ሥር ሳይጠሩት የሚመጣው ግን ሌላ ነው።

ዘይትስ ወደ ባሌ ቤት አልገባምን? ገብቷል፤ የገባው ግን በመብራት በኩል ነው። ላምባ በቆርቆሮ ተጭኖ መጥቶ በኩራዝና በፋኖስ ነደደ፤ ባዶው ቆርቆሮም የውሃ መቅጃ፤ ጣሳውም የእህል መስፈሪያ ሆነ። የላምባ ምድጃም ለወጥና ለቡና ጠቅሟል። እንጀራ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይቆማል፤ ምጣዱ ሰፊ ስለ ሆነ የላምባው ትንሽ እሳት መኻሉን ሲያሳርር ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ከቤት ማገዶም ከግማሽ በላይ የሚፈጀው ይኸው እንጀራ መጋገር ነው። ስለዚህ ባቡሩ ወደ ዘይት ሲሻገር፤ በባሌ ጐዳናም ናፍጣ የሚጠጣ መኪና ከሰል ሳይታይ በቅሎና አህያን ሲተካ፤ ጓዳው ግን በጉልቻው ላይ ቀረ።

ለምጣድ የሚስማማው እሳት ኤሌክትሪክ ነው። እርሱም ለባሌ ሩቅ አይደለም። ከባሌና ከአርሲ ደጋ በሚመነጨው በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ፤ ከአዳባ ብዙም ሳይርቅ፤ የመልካ ዋከና ግድብ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ይሠራል፤ ሙሉ ኃይሉም 153 ሺህ ኪሎ ዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ስለሚወስድ፤ ይህ አንድ ግድብ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ ከ43 ሺህ የሚበልጥ ምጣድ በአንድ ጊዜ ሊያግል ይችላል። እርግጥ ኃይሉ በአገሪቱ መረብ ገብቶ ለፋብሪካም፤ ለከተማም፤ ለባቡሩም ስለሚከፋፈል ሁሉ ለምጣድ አይውልም። መብራትም በየጊዜው ይጠፋል፤ የምጣዱም ዋጋ ለድኃ ቤት ከባድ ነው። በዚህ ምክንያት ምጣድ የገዛች የሮቤ እመቤት እንኳ ኩበቷን ከጓሮ አታነሣም፤ እኛም ልንነቅፋት አይገባንም።

ኤሌክትሪክ ላልደረሰበት ወይም ለማያስተማምንበት ቤት «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ አለ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚከበው እሳቱ ወደ ጎን አይበተንም፤ ከሦስት ጉልቻም ይልቅ የማገዶውን ግማሽ ያህል ያተርፋል። ለእንጨት ከሰልም «ላቀች» የምትባለው ትንሽ ምድጃ ትጠቅማለች። ሆልደን አተላ እንዳነደደ ሁሉ ይህም ታላቅ ማሽን የማይጠይቅ ብልሃት ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጡ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ባደረገ ጊዜ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ በየዓመቱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ገንዘብ ነበር። ይህም ደግሞ ከመዝገብ የወጣ ውሳኔ ነው። የኩበቱና የአስታው ሂሳብ ግን በማንም ሚኒስቴር ሣጥን ውስጥ አይገባም፤ ምክንያቱም የሚከፈለው በገንዘብ ሳይሆን በሰው ጀርባ ነው።

ስለዚህ በባሌ ያላችሁ ክቡራን ሹማምንትና ክብርት ወይዛዝርት፤ መዝገቡን ከገዛ ቤታችሁ እንድትጀምሩ እንለምናለን። አንድ የእህል ሚዛን ለአንድ ሳምንት በጓዳ በር ይሰቀል። የገባው እንጨትና ኩበት ሁሉ ሳይነድ በፊት ይመዘን፤ ቀኑና ኪሎው በደብተር ይጻፍ፤ የተጋገረውም እንጀራ ቍጥር በአጠገቡ ይስፈር። በሁለተኛው ሳምንት በምርጥ ምድጃ፤ መብራት ባለበትም በኤሌክትሪክ ምጣድ ያንኑ ያህል እንጀራ ይጋገርና ሁለቱ ይተያዩ። ኪሎውን በመጻፍ ብቻ ግን ሂሳቡ አይሞላም። ደብተሩ አንድ ተጨማሪ መስመር ይኑረው፤ በእርሱም ላይ ሸክሙን ያመጣው ማን እንደ ሆነና ከቤት ወጥቶ እስኪመለስ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀበት ይጻፍ።